ጢብ ለፈተና የሚቀርብባት ከተማ፦ ከድሮዋ ደልሂ እስከ ቱግለቃባድ



ወደ ህንድ ዋና ከተማ ወደ ደልሂ የሚሄድ ሙስሊም መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ንጉሥ ሻህ ጀሃን በ1656 አሠርተው ያስፈጸሙትን ታላቁን የጁሙዓ መስጊድ ነው። ሶላቱን ሰግዶ ወደ ምዕራብ በሚወስዱት ጠባብ መንገዶች ገባ ቢል ደግሞ ባሊማራን እና ላል ኩዋን የተባሉትን ሰፈሮች ያገኛል። ጥቂት አለፍ ሲል ኻሪ ባውሊ የተባለው ገበያ አለ። ሄል፣ እርድ፣ ዝንጅብልና የደረቀ የመድኃኒት ሥር በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጥበት ነውና አፍንጫ ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል። እነዚህ ሰፈሮች የሐኪሞች ሰፈር ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ነጭ ጋውን ለብሶ በሆስፒታል የሚያክመንን ሰው «ሐኪም» እንለዋለን። በደልሂ ግን እርሱ «ዶክተር» ነው። «ሐኪም» የሚባለው ዩናኒ ጢብ የተባለውን ጥንታዊ ሕክምና የተማረው ነው። አንዱ የዐረብኛ ቃል በሁለት አገር ሁለት ሙያ ይዞ ይኖራል ማለት ነው።

«ዩናኒ» ማለት «የግሪክ» ማለት ነው። የቡቅራጥና የጃሊኑስ ጽሑፎች በዐባሲዮች ዘመን በባግዳድ ወደ ዐረብኛ ተተረጎሙ፤ አር-ራዚንና ኢብኑ ሲናን በመሰሉ ሊቃውንት እጅ ዳበሩ፤ ከዚያም በፋርስ በኩል ህንድ ደረሱ። ትምህርቱ የሰው ጤና የቆመው በአራት ፈሳሾች ሚዛን ላይ ነው ይላል፤ እነርሱም ደም፣ በልገም (አክታ)፣ ሰፍራእ (ቢጫ ሐሞት) እና ሰውዳእ (ጥቁር ሐሞት) ናቸው። ዘመናዊው ሕክምና ይህን የአራት ፈሳሾች ትምህርት ከተወው ቆይቷል። በህንድ ግን ዩናኒ ጢብ መንግሥት ያወቀው ሙያ ነው። ተማሪው አምስት ዓመት ተኩል ተምሮ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይይዛል፤ ሦስት ዓመት ሲጨምር ሁለተኛውን ያገኛል። ከዚያ በላይ ያለው ዶክትሬት ነው። ታዲያ አንድ ሰው የአባቶቹን ሕክምና ይዞ እስከ ዶክትሬት ሲዘልቅ የሚማረው ምንድን ነው? ጉዟችን ይህንን ጥያቄ ይዞ ነው።

ከላል ኩዋን የተነሳች መድኃኒት ቤት

በ1906 ሐኪም ሐፊዝ ዐብዱል መጂድ የተባሉ ሰው በድሮዋ ደልሂ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፈቱ። ስሟንም «ሐምደርድ» አሏት፤ የሌላውን ሕመም የሚጋራ ማለት ነው። ዛሬ በረመዷን በህንድ፣ በፓኪስታንና በባንግላዴሽ የኢፍጧር ማዕድ ላይ የማይጠፋው ሩሕ አፍዛ የተባለው ቀይ ሽሮፕ የተገኘው ከዚህች ቤት ነው። ዐብዱል መጂድ በ1922 ወደ አኼራ ሲሄዱ ልጃቸው ዐብዱል ሐሚድ ገና ልጅ ነበሩና ሥራውን አጽንተው ያቆዩት እናታቸው ረቢዓ በጉም ናቸው። ልጁ አድገው ሐኪም ዐብዱል ሐሚድ ሲባሉ በ1948 ድርጅቱን በሙሉ ወቅፍ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ የሽሮፑና የመድኃኒቱ ትርፍ ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለምርምር መዋል ጀመረ። ይህን ገንዘብ የጉዟችን መጨረሻ ላይ እናገኘዋለን።

ካሮል ባግ፦ ኬሚስትሪ የተማረው የሐኪሙ ወዳጅ

ከድሮዋ ከተማ ወጣ ብሎ ካሮል ባግ በተባለው ሰፈር የቲቢያ ኮሌጅ ይገኛል። ያቋቋሙት የባሊማራን ሰው የሆኑት ሐኪም አጅመል ኻን (1868–1927) ሲሆኑ፣ በ1921 መርቀው የከፈቱት ማህተመ ጋንዲ ናቸው። አጅመል ኻን በዩናኒ ጢብ በዘመናቸው አቻ ያልነበራቸው ሊቅ ነበሩ። ሆኖም «አባቶቻችን ሁሉን ጨርሰውታል» ብለው አልተቀመጡም። ሳሊሙዘማን ሲዲቂ የተባሉ ወጣት ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ሄደው ኬሚስትሪ ሲማሩ ደገፏቸው። ወጣቱ በ1927 ዶክትሬታቸውን ይዘው ሲመለሱም በኮሌጁ የምርምር ክፍል እንዲያቋቁሙ ጋበዟቸው። አጅመል ኻን በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢሞቱም ሥራው አልቆመም።

ሲዲቂ ከመረመሯቸው ዕፅዋት አንዱ ራውዎልፊያ ሰርፐንቲና ነው። የህንድ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ የዚህን ተክል ሥር ለአእምሮ መታወክና ለእንቅልፍ እጦት ይሰጡት ነበር። ሲዲቂ በ1931 ከሥሩ አንድ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡና በባለውለታቸው ስም «አጅመሊን» አሉት። በ1949 ደግሞ የቦምቤይ የልብ ሐኪም የነበሩት ሩስቶም ቫኪል ሥሩ የደም ግፊትን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጥናት በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በ1952 ስዊዘርላንድ ያሉ ተመራማሪዎች ከዚያው ሥር «ረዘርፒን» የተባለውን አወጡ፤ እርሱም ለደም ግፊት በዓለም ዙሪያ የታዘዘ መድኃኒት ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የአባቶች ዕውቀት ከንቱ አልነበረም፤ ሥሩ በእርግጥ ኃይል ነበረው። ነገር ግን በአንድ ሥር ውስጥ ልዩ ልዩ ሥራ ያላቸው ብዙ ንጥረ ነገሮች ነበሩ። ረዘርፒን በብዛት ሲወሰድ አንዳንዱን ሕመምተኛ ለከባድ ድብርት እንደሚዳርግ ሪፖርቶች ሲወጡ ሐኪሞች መጠኑን መቀነስና መጠንቀቅ ጀመሩ፤ ዛሬ ብዙም አይታዘዝም። አጅመሊን ደግሞ የተደበቀ የልብ ምት መዛባትን ለመመርመር የሚሰጠው መሣሪያ በተዘጋጀበት ሆስፒታል ብቻ ነው፤ አለዚያ ራሱ አደጋ ያመጣል። ሥሩን በእፍኝ ቆርሶ የሚሰጥ ሰው ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ቱግለቃባድ፦ በወቅፍ የቆመው ዩኒቨርሲቲ

ከዚህ ወደ ደቡብ ስንጓዝ ሱልጣን ጊያሱዲን ቱግሉቅ በ1320ዎቹ ያሠሩት የቱግለቃባድ ምሽግ ፍራሽ ይታያል። ከዚሁ አካባቢ ሐኪም ዐብዱል ሐሚድ በ1962 የሕክምና ታሪክና የምርምር ተቋም አቋቋሙ። ተቋሙ ካበረከታቸው ሥራዎች አንዱ የኢብኑ ሲናን «አል-ቃኑን ፊ ጢብ» ዐረብኛ ከጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች ጋር አስተያይቶ ማሳተሙ ነው። በ1989 እነዚህ ተቋማት ተሰባስበው ጃሚዓ ሐምደርድ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ሐኪሙ በ1999 ሲሞቱ ከዚያች ትንሽ መድኃኒት ቤት ወቅፍ የበቀለ ዩኒቨርሲቲ ትተው ነው።

በዚህ ግቢ የጢብ ፋኩልቲ፣ የፋርማሲ፣ የኬሚስትሪ፣ የዕፅዋትና የመርዝ ጥናት ክፍሎች፣ ሆስፒታልና የመድኃኒት ዕፅዋት መትከያ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ኪታቡና ላቦራቶሪው በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

አሁን የዶክትሬቱን መንገድ እንመልከት። በህንድ የዩኒቨርሲቲዎች ደንብ መሠረት ዶክትሬት ቢያንስ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው የመግቢያ ፈተና ያልፋል፤ ከዚያ ስለ ምርምር ዘዴ፣ ስለ ስታቲስቲክስና ስለ ምርምር ሥነ ምግባር ይማራል። አማካሪ ኮሚቴ በየጊዜው እየጠራ ሥራውን ይመረምርበታል። በመጨረሻም ጽሑፉ ቢያንስ ለሁለት የውጭ ፈታኞች ተልኮ፣ ተማሪው በሰው ፊት ቆሞ ይከራከርበታል።

አንድ ተማሪ «ጥቁር አዝሙድ ለሆድ መነፋት ይጠቅማል» የሚል ከኪታብ አግኝቶ ተነሣ እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ተክል?» የሚል ነው። በቤንጋል «ጥቁር አዝሙድ» የሚል ትርጉም ያለው ስም እኛ የምናውቀው ዘር ነው፤ በሂንዲ ተመሳሳዩ ስም ለሌላ ተክል ዘር ይሰጣል። ስሙን አምኖ ከገበያ የገዛ ተማሪ ሌላ ዘር ሊመረምር ይችላል። ስለዚህ ናሙናው በዕፅዋት ባለሙያ ተለይቶ፣ ደርቆ በመዝገብ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ምን ተቀላቅሎበታል?» የሚል ነው። በ2004 በታተመ ጥናት አሜሪካ ውስጥ በቦስተን አካባቢ ከሚገኙ የደቡብ እስያ ሱቆች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ሲመረመሩ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ከዕፅ የተሠራ ሁሉ ጉዳት የለውም የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ «የዳነው በመድኃኒቱ መሆኑን በምን አወቅህ?» ብዙ ሕመም በራሱ ጊዜ ይሻላል። መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ በማመኑ ብቻ ቀለል የሚለውም አለ። ስለዚህ ሕመምተኞቹ ፈቃዳቸውን ሰጥተው በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ለአንዱ ወገን መድኃኒቱ፣ ለሌላው መድኃኒት የሚመስል ነገር ግን መድኃኒትነት የሌለው ይሰጠዋል። ማን ምን እንደወሰደ ሕመምተኛውም ሐኪሙም እስከ መጨረሻው አያውቁም። በጢብ ይህ ቀላል አይደለም። የጥቁር አዝሙድ ሽታና ጣዕም ራሱን ይናገራል፤ ሒጃማ (ዋግምት) ደግሞ ተደብቆ ሊደረግ አይችልም። እንዲህ ሲሆን ውጤቱን የሚለካው ሰው ሕክምናውን ካደረገው እንዲለይ ይደረጋል። በዚህ መስክ ከሚታተሙት ጥናቶች ብዙዎቹ ጥቂት ሕመምተኞችን የያዙ ወይም ማነጻጸሪያ የሌላቸው ናቸው፤ ፈታኞችም አጥብቀው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ኢብኑ ሲና ምን አሉ?

ይህ የፈረንጅ ሥርዓት ነው፣ ከጢብ ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ኢብኑ ሲና (980–1037) በቃኑን ሁለተኛ ክፍል መድኃኒት በሙከራ የሚታወቅበትን ሰባት መስፈርት ደርድረዋል። መድኃኒቱ ባዕድ ነገር ያልነካው ይሁን፤ ውስብስብ ባልሆነ ሕመም ላይ ይሞከር፤ ተቃራኒ በሆኑ ሁለት ዓይነት ሕመሞች ላይ ይፈተን፤ ኃይሉ ከሕመሙ ኃይል ጋር ይመጣጠን፤ ሥራውን የጀመረበት ጊዜ ይጠበቅ፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ የሚደገም ይሁን፤ ሙከራውም በሰው አካል ላይ ይሁን፤ በፈረስ ወይም በአንበሳ ላይ የሠራ በሰው ላይ ላይሠራ ይችላልና። የሃሳባቸው ቁም ነገር ይህ ነው።

እንግዲያው የኢብኑ ሲናን ኪታብ ሸምድዶ ያለ ምርመራ የሚያክም ሰው ኢብኑ ሲናን አልተከተለም። ቀለሙን ተከተለ እንጂ መንገዱን አልያዘም። የዶክትሬቱ ትምህርት ሲጠቃለል ይህ ነው፤ ኪታቡ የጥያቄ መነሻ እንጂ የፍርድ መዝጊያ አይደለም። ጥናቱን በአግባቡ ሠርቶ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል ውጤት ያቀረበ ተማሪም ዶክትሬቱን ያገኛል፤ ማዕረጉ የሚሰጠው ለእውነተኛ መልስ ነውና።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ የደልሂ ወሬ ለእኛ ቤት ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል። ጥቁር አዝሙድና ማር በየቤታችን አለ፤ ዋግምት የሚያደርግም በየሰፈሩ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዝዘዋል፤ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለውም ነግረውናል። ይህ ሐዲስ መድኃኒቱን ፈልጉ የሚል ጥሪ ነው። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ሕክምናን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። ሁለቱን አብሮ የያዘ ሰው አይሳሳትም።

ስለዚህ የቤተሰብ ኃላፊዎች ሆይ! መድኃኒት የሚሰጣችሁን ሰው እነዚህን ጠይቁት። ተክሉ ምንድን ነው? ምን ተቀላቅሎበታል? መጠኑ ስንት ነው? ለማን አይሰጥም? በምን ታወቀ? የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ በቤታችሁ ካለ በሐኪም የታዘዘለትን እንዳያቋርጥ፤ የሚጨምረውንም ዕፅ ለሐኪሙ ይንገር። ጥቁር አዝሙድ ስኳርንና ግፊትን ሊቀንስ እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ ከኪኒን ጋር ተደርቦ ከልክ በላይ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ዋግምት የሚያደርግ ሰው ምላጩን ከሌላ ሰው ላይ አንስቶ ካመጣው የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ለወጣቶቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። በመምህርነቴ ሁለት ዓይነት ተማሪ አያለሁ። አንዱ መድረሳ ገብቶ ዐረብኛውን አሳምሮ ያነባል፤ ኬሚስትሪ ግን የሌሎች ነው ይላል። ሌላው በኬሚስትሪ መቶ ያመጣል፤ የአያቶቹን ኪታብ ግን ገልጦ አያውቅም። ቃኑንን በቋንቋው የሚያነብ የመጀመሪያው ነው፤ በውስጡ ያለውን መመርመር የሚችል ሁለተኛው ነው። ሐኪም አጅመል ኻን አንዱ ሌላውን እንዲፈልግ አደረጉ፤ ሐኪም ዐብዱል ሐሚድ ደግሞ ሁለቱ አብረው የሚቀመጡበትን ግቢ በወቅፍ ሠሩ። ከእናንተ መካከል ሁለቱን በአንድ ራስ ላይ የሚያኖር ቢገኝ ሕመምተኛው ከሁሉ በላይ ያመሰግነዋል።

ወላሁ አዕለም።