ነጥባቸው ከፍ ብሏል ሲሉን

በሐኪም ቤት የወለዳችሁ እናቶች፣ ልጃችሁ ገና ስም ሳይወጣለት ነጥብ ተሰጥቶት እንደነበር ታውቁ ይሆን? አሜሪካዊቷ የማደንዘዣ ሐኪም ቨርጂኒያ አፕጋር እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመችው ዘዴ መሠረት፣ አዋላጂቱ የሕፃኑን የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ሲነካ የሚሰጠውን ምላሽና የቆዳውን ቀለም ተመልክታ፣ በተወለደ በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ከ10 ታርመዋለች። እዚያ ላይ ብዙ ማግኘት ደግ ነው።

ጽኑ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ግን ነገሩ ይገለበጣል። እኔ ይህን ያወቅሁት ያሳደገችኝ አክስቴ በታመመች ጊዜ ነው።

አክስቴ የሐይቅ ሰው ናት፤ ቤቷም ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሳል ይዟት ሰንብታ ትኩሳቱ ሲጸናባትና ንግግሯ ሲዘባረቅ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ደሴ ወሰድናት። የሳንባ ምቹ ወደ ደሟ ዘልቆ ኖሮ ወዲያው ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስተኟት። ወደ ገዳሙ ሴት ስለማትገባ ስለቱን ይዘው የሄዱት አጎቴ ነበሩ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቿም በበኩላቸው ዱዓ አደረጉላት።

በሁለተኛው ቀን ነርሷ «ነጥባቸው ከትናንቱ ከፍ ብሏል» አለችን። ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱት አጎቴ «እሰይ፣ ተመስገን!» አሉ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ከፍ ማለቱ መባስ መሆኑ ሲብራራላቸው ጊዜ ደግሞ «እንግዲያማ ይዘናት እንሂድ፤ አፈሯ ሐይቅ ነው» ብለው ብድግ አሉ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን እንዲህ እየተባለ ከሐኪም ቤት አልጋ የሚወርደው በሽተኛ ጥቂት አይደለም። ነፍስ ያለበትን ሰው ማጓጓዝ አስከሬን ከማጓጓዝ እንደሚቀል ሁሉም በልቡ ያሰላል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

ለመሆኑ ይህ ነጥብ ምንድን ነው? በቤልጅጉ ሐኪም በዣን ሉዊ ቬንሳንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው መለኪያ «ሶፋ» ይባላል፤ ከሳሎናችን ዕቃ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ሳንባ፣ የደም መርጋት፣ ጉበት፣ ልብና የደም ሥር፣ አንጎል፣ ኩላሊት፤ ለእያንዳንዱ እንደ ጉዳቱ ከ0 እስከ 4 ይሰጥና በጠቅላላው እስከ 24 ይደርሳል። ብዙ ያገኘ የባሰበት ነው። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ የወጣው «አፓቺ 2» ደግሞ 12 የሰውነት ልኬቶችን ከዕድሜና ከቆየ በሽታ ጋር ደምሮ እስከ 71 ይቆጥራል። በአንጻሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በግላስጎው ከተማ የተሠራው የንቃት መለኪያ ከ3 ጀምሮ 15 ሲሞላ ነው ጥሩው። በአንድ ካርድ ላይ አንዱ ቁጥር ሲጨምር ደስታ፣ ሌላው ሲጨምር ሐዘን ይሆናል ማለት ነው። በአጎቴ አልፈረድኩም።

ሐኪሙ ጊዜ ወስዶ አነጋገራቸው። «አባባ፣ ይህ ቁጥር እንደ እህትዎ ከታመሙ ብዙ ሰዎች መካከል ስንቱ እንደሚተርፍ ይገምታል እንጂ እሳቸው ከየትኞቹ ወገን እንደሆኑ አይነግረንም። እኛ የምንቆጥረው ማንን ቀድመን፣ ስንት ጊዜ እንደምናይ ለማወቅ ነው። ነገም እንቆጥራለን» አላቸው። እኔም «ጋሼ፣ እስከ ነገ እንኳ ይታገሡን» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ ባለበት ቆመ። በአራተኛው በ2 ወረደ። በ11ኛው ቀን አክስቴ ሐይቅ ገባች። ከጎኗ የተኛችው ወጣት ግን ነጥቧ ከእሷ ያነሰ ሆኖ ሳለ አልተረፈችም፤ የእናቷ ዋይታ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሌላም ጉድለት አለው። የጉበት ወይም የደም ምርመራ ካልተሠራ፣ ያልተለካው ብዙ ጊዜ እንደ ጤነኛ ተቆጥሮ 0 ስለሚጻፍ፣ በሽተኛው በወረቀት ላይ ካለበት የተሻለ ይመስላል። ላቦራቶሪው እንደልብ ባልሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህም ነው ከጋቦን እስከ ዛምቢያ ከ6 የአፍሪካ አገሮች በተሰበሰበ የሕሙማን መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ ትኩሳትን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ አተነፋፈስን፣ ኦክስጅንን፣ ንቃትንና የኤች አይ ቪን ውጤት ብቻ የሚጠይቅ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው። በእኔ አስተያየት ለእኛ የሚቀርበው የዚህ ዓይነቱ ነው።

እናንተ አስታማሚዎች፣ ቁጥር ሲነገራችሁ «ሲጨምር ደግ ነው ወይስ ክፉ? ከትናንቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም። የቆየ በሽታና የምትወስደውን መድኃኒት ሳትጠየቁ ተናገሩ። የሽንት ከረጢቱን ብዙ ጊዜ የምናፈሰው እኛው ነን፤ በ1996ቱ ሠንጠረዥ የ24 ሰዓቱ ሽንት ከግማሽ ሊትር በታች ከሆነ ኩላሊት ብቻውን 3 ነጥብ ያስመዘግባልና፣ ነርሷ ልኩን ሳትጽፈው አትድፉት።