መስታወቷ

ትናንት ማታ «ሁለት ገጽ ብቻ» ብዬ «ድራኩላ»ን ገለጥኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱን ሳላጠፋ ተኛሁ።

ብራም ስቶከር በ1897 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልብ ወለድ እንዲህ ይሮጣል ብዬ አልጠበቅኩም። የዕለት ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ ቴሌግራም ነው፤ የሚጽፉት ሰዎች ነገ ምን እንደሚገጥማቸው አያውቁም። የሚያስሮጠውም ይኸው ነው።

ያስደነገጠኝ ደሙ አይደለም፤ መስታወቷ ናት። ደም መጣጩ ካውንት ድራኩላ ቤት በእንግድነት ያረፈው ጆናታን ጢሙን ሲላጭ ድንገት አንድ እጅ ትከሻው ላይ ያርፋል፤ «እንደምን አደርክ» ይለዋል ካውንቱ። መስታወቷ ውስጥ ግን ከጆናታን በቀር ማንም የለም! ደንግጦ ፊቱን ይቆርጣል። (ዛሬ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሁለቴ ዞር ብያለሁ።)

መሃል ላይ ፕሮፌሰሩ ቫን ሄልሲንግ ወሬ ሲያበዛ ታሪኩ ትንሽ ይንዛዛል። ሃምሳ ገጽ ይቀረኛል፤ ያነበባችሁ፣ መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ።