ከነጩ ሳጥን በታች

ጊዜው የ1999 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ነው። አዲስ አበባ ሚሌኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ የምትልበት፣ አጥሩ ሁሉ ቀለም የሚቀባበት፣ ዝናቡም እንደ ቂመኛ ሳያባራ የሚወርድበት ሰሞን ነበር። እኛ ደግሞ አራት ኪሎ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየናት ሁለት ክፍል ቢሮ ውስጥ የመስከረምን ልዩ እትም ለማውጣት እንሟሟታለን። ዘወትር 48 ገፅ የነበረችው መጽሔታችን ለዚያ ወር 80 ገፅ እንድትሆን ተወስኗል። ማተሚያ ቤቱ የሰጠን ቀጠሮ ጳጉሜ 3 ነው። በዚያ ቀን ትሬሲንጉን ያላስረከበ ተራውን ለሌላ ይለቃል። የመስከረም መጽሔት በጥቅምት ቢወጣ ደግሞ ማን ይገዛዋል? ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜ 6 ቀን ናት እያልን፣ አንድ ቀን የተመረቀልን ይመስል እንጽናና ነበር።

ኮምፒዩተሩ ግን እንቢ አለ።

«እንቢ አለ» ስል ተበላሸ ማለቴ አይደለም። ቢበላሽማ ደግ ነበር፤ የተበላሸ ነገር ወይ ይጠገናል ወይ ይጣላል። ይሄኛው ይሠራል። ነገር ግን አንዲት ፊደል ተመትታ ማያው ላይ እስክትወጣ ድረስ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ነው። ከገፅ 30 ወደ ገፅ 31 ለመሻገር ግማሽ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። የተሠራውን እንዲያስቀምጥ ሲታዘዝማ፣ ጀበና ተጥዶ አቦሉ ሊወርድ ይችላል።

ማሽኑ ፊት ይቀመጡ የነበሩት እትዬ ናቸው። ቢሮው በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው፤ እኔም እዚህ ከዚያ አላልፍም። ሥራ የጀመሩት በታይፕራይተር ነው። የአማርኛው ታይፕራይተር የፊደሉን ገላና ቅጥያ ለየብቻ እያስመታ የሚገጣጥም ነበርና፣ በእሱ ያደገ ሰው ትዕግሥት አይጎድለውም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጽሔታችንን ብቻቸውን እየለቀሙ፣ ብቻቸውን ገፅ እያቀናበሩ አውጥተዋል። መሣሪያቸው ፔጅሜከር ነበር።

የፕሬስ ነፃነት አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በየሰፈሩ ከበቀሉት ጋዜጦችና መጽሔቶች ብዙዎቹ በዚህ ፕሮግራም ተሠርተው እንደወጡ የሙያው ሰዎች ያውቃሉ። ፔጅሜከርን እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው አልደስ የተባለ የሲያትል ኩባንያ ነው። ስሙን የወሰደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ቬኒስ ውስጥ ማተሚያ ቤት ከከፈተው ከአልደስ ማኑቲየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አዶቢ ጠቀለለው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሰባተኛው ዝርያ ወጣና ከዚያ ወዲያ ሌላ አልተከተለውም። እኛ ዘንድ በ6.5 ላይ እንደቆምን 1999 ደረሰብን። በግንቦት ወር ዋና አዘጋጃችን ጋሼ ከየት እንዳመጡት የማላውቀውን ገንዘብ አውጥተው አዲስ ኮምፒዩተርና አዲስ የገፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ገዙ። የአዲሱን ስም አልጠራም፤ ወደ በኋላ እንደምታዩት ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። የድሮ ፋይላችንን ከፈተልን፤ ገፁ እንዳለ ወጣ፤ አጨበጨብን። የሰኔና የሐምሌ እትሞች እየተንቀራፈፉም ቢሆን ወጡ። 80 ገፅ ሲጫንበት ግን ተንበረከከ።

ጋሼ የእህታቸውን ልጅ ጠሩ። ኮሌጅ ከጨረሰ ገና ዓመቱ ነው፤ ጨዋና ፈጣን ልጅ ነበር። በመጀመሪያ ማስታወሻው አንሷል ብሎ 256 የነበረውን ሜጋ ባይት 512 አደረገው። ቀጥሎ ዲስኩ ሞልቷል አለና የማንም ያልሆኑ ዘፈኖችን አጠፋ። (የእኔ ነበሩ።) የፕሮግራሙን የምርጫ ፋይል ሰርዞ እንደ አዲስ እንዲነሣ አደረገው። ኮምፒዩተሩ ላይ ከ600 በላይ ፎንት ተጭኖ ቢያገኝ ራሱን ይዞ ጮኸና አብዛኛውን አወጣ፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የግዕዝ ፎንት ከሦስት ቦታ መጥቶ በአንድ ስም ሦስት ጊዜ ተቀምጦ ነበር። እያንዳንዱ ሕክምና ትንሽ ፈቀቅ ያደርገዋል። በማግስቱ እትዬ ሥራ ሲጀምሩ ያው ነው።

ነሐሴ 25 ቀን ጋሼ ወደ ክፍላቸው ጠሩኝና በሩን ዘጉ። ምክትል አዘጋጅም አራሚም እኔ ነበርኩ።

«የዘገየው ማሽኑ አይደለም» አሉኝ። «ማሽኑ አዲስ ነው፤ እሷ ናት ያረጀችው። ከመስከረም ጀምሮ ልጁ ይያዘው። እሷ የድሮ እትሞችን ታደራጅ። በስም ዝርዝሩ ላይም ከአሁኑ እትም ጀምሮ የእሱ ስም ይግባ።»

ከእትዬ ጋር ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳ በልቻለሁ። እናቴ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ከእኛ ቤት አልወጡም። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ቀጠሮው ስምንት ቀን ነው የቀረው፤ አንድ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ ነገሩ የሚቀልል መሰለኝ። «እውነትዎን ነው ጋሼ» አልኩ። በሩን ከፍቼ ስወጣ እትዬ ቀና ብለው አዩኝና «ሻይ ልዘዝልህ?» አሉኝ።

አዲሱ የስም ዝርዝር በጋሼ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ደረሳቸው። «ኮምፒዩተር ጽሑፍና ሌይአውት» ከሚለው ሥር የልጁን ስም ለቅመው አስገቡ። አንድ ቃል አልተናገሩም።

ነሐሴ 27 ከሰዓት በኋላ ልጁ ፕሮግራሙን ከነአካቴው አውጥቶ እንደገና ሊጭን ሲነሣ፣ እትዬ ከመሳቢያቸው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከሐምሌ ጀምሮ ሲጽፉበት ቆይተዋል። በአንድ ረድፍ የገፅ ቁጥር፣ በሚቀጥለው ገፁ እስኪገለጥ የፈጀው ሰኮንድ፣ በሦስተኛው ገፁ ላይ ያለው ነገር። የሚለኩት በእጅ ሰዓታቸው ነው። ገፅ 12፣ 2 ሰኮንድ፣ የባንክ ማስታወቂያ። ገፅ 13፣ 19 ሰኮንድ፣ አጭር ልብ ወለድ። ገፅ 31፣ 21 ሰኮንድ፣ ደብዳቤዎች። ገፅ 40፣ 2 ሰኮንድ፣ የቢራ ማስታወቂያ።

«ማስታወቂያው ባለ ቀለም ሥዕል ነው፤ ሊከብደው የሚገባ እሱ ነበር» አሉ። «የሚከብደው ግን ባዶ ጽሑፉ ነው። አየህ ልጄ፣ ከሥሩ የገፅ ቁጥርና የመጽሔቱ ስም ያለበት ገፅ ሁሉ ይዘገያል። የሌለበት አይዘገይም።»

ልጁ ደብተሩን አገላብጦ አየና ከወንበሩ ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ። የገፅ ቁጥሩና የመጽሔቱ ስም በየገፁ አይጻፍም። ማስተር ፔጅ በሚባለው አንድ ገፅ ላይ አንዴ ይቀመጥና በየገፁ ሥር እንደ ጥላ ይከተላል። ሙሉ ገፅ ማስታወቂያዎቹ ቁጥር ስለማይታይባቸው ከዚህ ነፃ ናቸው። ማስተሩን ከፈተ። ነጭ ነው፤ ከግርጌው ቁጥር፣ ከራስጌው ቀጭን መስመር። «ምንም የለም እኮ» አለ። እትዬ «እስቲ ሁሉንም ምረጠው» አሉት። መረጠ። ነጭ የነበረው ገፅ ዳር ዳሩን ምልክት አወጣ። አንድ ትልቅ ነጭ ሳጥን ነበር። በመዳፊቱ ወደ ጎን ሳበው። ከሥሩ የዓድዋ ተራሮች ወጡ።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ጉልበቴ ውኃ ሆነ።

የካቲት 1993 ነው። የዓድዋ ድል 105ኛ ዓመት። እትዬ እናታቸው አርፈው ሐዘን ላይ ስለነበሩ ገፁን የማቀናብረው እኔ ነበርኩ። ጋሼ ተራሮቹ ፈዘዝ ብለው በየገፁ ከጽሑፉ ሥር እንዲታዩ አዘዙ። ፎቶውን ስካን አደረግሁና ማስተሩ ላይ አስቀመጥኩት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጋሼ መጥተው «ጽሑፉን በላው፤ አንሣው» አሉ። ላጠፋው እጄን ሰንዝሬ ተውኩት። ጋሼን አውቃቸዋለሁ፤ ነገ ጠዋት «መልሰው» ይላሉ። ስለዚህ ነጭ ሳጥን ሣልኩና አለበስኩት፤ ወደ ቤቴም ሄድኩ። ጠዋት ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ እኔም ረሳሁት።

እንግዲህ አዲስ እትም ስንጀምር ባዶ ፋይል አንከፍትም ነበር። ያለፈውን ወር ከፍተን፣ በሌላ ስም አስቀምጠን፣ አሮጌውን ጽሑፍ አውጥተን አዲሱን እንሞላለን። ተራሮቹ ከስድስት ዓመት በላይ ከእትም ወደ እትም እየተሻገሩ ኖረዋል። ያውም ስካን ያደረግሁት ባለማወቅ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ በቀለም ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ 300 ከበቂ በላይ ነው፤ ነጥቡ በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። የኤ4 ስፋት ያለው የቀለም ፎቶ በ300 ቢሆን 26 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ በ600 ግን 104 ይሆናል። ሳጥኑ የሸፈነው ከእኛ ዓይን ብቻ ነው። ማሽኑ ገፅ በተገለጠ ቁጥር መጀመሪያ ተራሮቹን ይሥላል፣ ቀጥሎ ነጩን ይቀባባቸዋል፣ ከዚያ በላዩ ፊደል ይጽፋል። በፔጅሜከሩ ጊዜ እትዬ ሥዕል ሁሉ በግራጫ ሳጥን ብቻ እንዲታይ አድርገው ይሠሩ ስለነበር አልታወቀም። በአዲሱ ግን ልጁ ሁሉም ነገር አምሮ እንዲታይ ብሎ ጥራቱን ጫፍ ላይ አድርጎት ነበር። ትሬሲንግ ስናወጣ ፕሪንተሩ ለምን እንደዚያ እንደሚያቃስት ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱ ወፍሮበት ነው እንል ነበር እኮ!

ልጁ ሳጥኑንም ተራሮቹንም አጠፋ። ገፅ 31 ከ21 ወደ 6 ሰኮንድ ወረደ።

የቀረው የፊደላችን ጣጣ ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች 256 መቀመጫ ብቻ ነበራቸው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ቋን፣ እነ ኳን፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና ነጥቦችን ሲጨምሩበት ይተርፋል። ስለዚህ ፎንቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ የተረፉት ፊደላት በሁለተኛው ፋይል ይቀመጡ ነበር። ለእኛ «ቋንቋ» አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ግን ፎንት መቀየር፣ መመለስ፣ እንደገና መቀየር ነው። ያንን በ80 ገፅ አባዙት። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሙሉውን አካትቶ ነበር፤ ግን የእኛ የዘጠኝ ዓመት ጽሑፍ በአሮጌው መንገድ የተለቀመ ነው፤ በቀረን ጊዜ የሚለወጥ አልነበረም። በዚያ ላይ አዲሱ ፕሮግራም መስመር የሚሰብረው አንቀጹን ሙሉ እያመዛዘነ ነው። ጽሑፉም ሁሉ በአንድ ክር ከፊት እስከ ኋላ የተያያዘ ስለነበር፣ ገፅ 5 ላይ አንድ ቃል ሲታረም እስከ መጨረሻው ይንቀጠቀጣል። እትዬ ክሩን በየጽሑፉ እየቆረጡ ለያዩት። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። በደብተሩ የመጨረሻ መስመር ላይ «ገፅ 31፣ 2 ሰኮንድ፣ ደብዳቤዎች» ይላል።

ተራሮቹ በወጡ ጊዜ ልጁ «ማነው ይሄን የሠራ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። የፎቶው ፋይል ላይ ቀኑ አለ፤ ፌብሯሪ 2001 ይላል። እትዬ ቀኑን አዩት። በዚያ ወር የት እንደነበሩ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። «ኧረ የቆየ ነው፤ ማን ያስታውሰዋል» አሉና ደብተራቸውን ዘጉ።

እኔ ዝም አልኩ። ያን ቀን ዝም አልኩ፤ በማግስቱም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት መጀመሪያ ሥራው ይለቅ የሚል ነበር። ጳጉሜ 1 ማታ ሌላ ሰው በሌለበት ጋሼ ክፍል ገባሁ።

«ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አጥፋው አላልኩህም ነበር?»

«ሐሳብዎን ቢለውጡ ብዬ ነው።»

«እኔ ሐሳቤን ስለውጥ አይተህ ታውቃለህ?»

በዚያ ሳምንት ሽፋኑን አራት ጊዜ አስቀይረውናል። መልስ አልሰጠሁም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ስለ እትዬ ያሉትን እንደማልረሳው ያወቁ ይመስለኛል፤ እኔም ያልኩትን እንደማይረሱት አወቅሁ። ከብዙ ዝምታ በኋላ «ስሟን መልስ» አሉ። «የልጁንም አታውጣው። ከሥሯ ይግባ።»

እትዬን ላስቸግር አልፈለግሁም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ማሽናቸው ላይ ተቀምጬ ስማቸውን ከነአባታቸው ራሴ ለቀምኩ። ጳጉሜ 3 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በዝናብ ውስጥ ትሬሲንጉን በፕላስቲክ ጠቅልለን አስረከብን። መጽሔቱ ሲወጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእትዬ ወስጄ ሰጠሁ። ሽፋኑን እንኳ ሳያዩ የስም ዝርዝሩን ገለጡ። ረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ከጠረጴዛዬ ላይ የማረሚያውን ቀይ እስክሪብቶ አንሥተው አንዲት ፊደል ከበቡ።

«የአባቴ ስም በሐመሩ ሐ ነው» አሉ፤ መጽሔቱንም መለሱልኝ።