የጥልፍ መወጠሪያ

ብዙ ሰው ጥልፍ ሲያይ የሚያደንቀው ክሩንና ቀለሙን ነው። ጨርቁን ወጥሮ የያዘውን እንጨት ግን የሚያስታውሰው የለም። እኔም አንድ ክረምት እስኪያስተምረኝ ድረስ ከቁም ነገር አልቈጥረውም ነበር።

እናቴ እኔን ያሳደገችኝ በጥልፍ ሥራ ነው። መወጠሪያዋ ሁለት የእንጨት ቀለበቶች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ ጨርቁ በመካከላቸው ይያዛል፤ የውጭውም ቀለበት በብሎን ይጠብቃል። በጣት መታ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ ድምፅ ከሰጠ በደንብ ተወጥሯል ማለት ነው። ከላላ ግን ክሩ ጨርቁን ይስበዋል፤ ጥልፉም ይጨማደዳል።

መወጠሪያ ሲገዛ ቀለበቶቹ ዙሪያውን እኩል መግጠማቸውን፣ እንጨቱም ስንጥር የሌለው ለስላሳ መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። ትልቁን መምረጥ ሁልጊዜ ብልኅነት አይደለም፤ ጣት እስከ መካከሉ ካልደረሰ እጅ ቶሎ ይደክማል። ለእኔ እጅ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነው ይስማማኛል። የውስጡን ቀለበት በነጭ የጥጥ ጥብጣብ ቢጠመጥሙት ጨርቁ አይንሸራተትም። ክሩ እየተላለፈ ለሚሠራው ለመስቀለኛ ጥልፍ ደግሞ ጨርቁ ቁልቁልም አግድምም ቀጥ ብሎ መወጠር አለበት፤ በሰያፍ ከተሳበ መስቀሎቹ ይጣመማሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የእናቴ ትእዛዝ ግን «ልጄ፣ ማታ ማታ ፍቺው» የሚል ነበር። እኔ ግን ፈትቶ እንደ ገና መወጠር ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ወደ 12ኛ ክፍል ባለፍኩበት ክረምት ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ሁለት የትራስ ልብስ አዘዙ። እናቴ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። አበባው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጨዋታ አዘናጋኝና ጨርቁን እንደ ተወጠረ መስኮት አጠገብ ትቼው ሦስት ሳምንት ሰነበተ። ስፈታው ቀለበቱ ያረፈበት ቦታ ክብ ሆኖ ታትሟል፤ ብሎኑም በእርጥበት ዝጎ ነጩን ጨርቅ አበላሽቶታል። በሳሙና አጠብኩት፤ በሎሚና በጨው አሸሁት፤ ተኮስኩት። ክቡ ጠፋ፤ ዝገቱ ግን ደበዘዘ እንጂ አልለቀቀም።

እናቴ አልተቈጣችኝም። ለአዲሱ ዓመት ጫማዬ ካስቀመጠችው ገንዘብ ላይ አንሥታ ሌላ ጨርቅ ገዛች፤ ቀኑ ደርሶ ነበርና ሌሊቱን በመብራት ስትጠልፍ አደረች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ በመርፌው ክር አስገባላት ነበር። የመርፌው ቀዳዳ ለዓይኗ የማይታያት መሆኑን ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው። እስከዚያ ድረስ ለእኔም ሆነ ለማንም አልተናገረችም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመችው ግን እናቴ ናት፤ ይህ ከጫማው ይልቅ ቈጭቶኛል።

ዛሬ ደቃቁን ጥልፍ የምሠራው እኔ ነኝ፤ እርሷ ቀለም ትመርጥልኛለች። ዝገት የነካውንም ጨርቅ አበባውን ጨርሼ ለራሴ ትራስ አልብሼዋለሁ። ጥናት ከመጀመሬ በፊት በየማታው ብሎኑን አላላለሁ፤ ጨርቁን አውጥቼ በንጹሕ ነጠላ እጠቀልላለሁ። ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅብኝም።