ከገበታ የሚነጥቅ ውሻ

በዲላም ሆነ በጌዴኦ የገጠር ቀበሌዎች ቆጮና ጎመን ብዙ ጊዜ በበርጩማ ተቀምጠው የሚበሉት ነው፤ የትልቅ ውሻ አፍ ደግሞ ከገበታው እኩል ይደርሳል። «ሌባ ነው» ማለት ይቀለናል እንጂ ያስለመድነው እኛው ነን። ልጁ ቁራሽ ይወረውርለታል፣ እንግዳው አጥንት ይሰጠዋል፣ አባወራው በዚያው ጥፋት ይገርፈዋል። አንዳንዴ ብቻ የሚሳካ ልማድ ሁልጊዜ ከሚሳካው ይልቅ ለመጥፋት እንደሚያስቸግር የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር በእንስሳት ሙከራ አሳይቷል፤ በመሃል የምትጣል አንዲት ጉርሻ የብዙ ቀን ልፋት ታፈርሳለች።

ዱላ ይበቃዋል የሚሉ አሉ። ዱላ የሚያስተምረው ግን ባለዱላው እስኪወጣ መጠበቅን ነው፤ ይባስ ብሎ የተመታ ውሻ ሊናከስ ይችላል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ደግሞ ንክሻ ቀላል ነገር አይደለም። ርቦት ነው የሚሉት ግማሽ እውነት አላቸው፤ እንግዲያው ቤተሰቡ ገበታ ከመቅረቡ በፊት በራሱ ሳህን ይብላ። ቀጥሎ ሥጋ በእጅ ጨብጦ ማሳየት ነው። ያሸታል፣ ይልሳል፣ በእግሩ ይቧጥጣል፤ አፉን መለስ ባደረገባት ቅጽበት ከሌላኛው እጅ ይሰጠው፣ ከተጨበጠው ግን በፍጹም። የቡና ቁርስ ሊቀምስ የመጣ ጎረቤትም ለውሻው ምንም እንዳይጥልለት ገና ሳይቀመጥ ይነገረው።