ዱባይ ሄዳችሁ ሰማይ ሳታዩ እንዳትመለሱ!

መቼም የዱባይ ነገር ሲነሳ የኛ ሰው ቶሎ የሚታየው ሱቅ ነው። ዴራ፣ የወርቁ ገበያ፣ ሞባይሉ፣ ጫማው፣ ሻንጣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያለው ጭንቀት....። ደርሶ የመጣውን ብትጠይቁት የዕቃውን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ይነግራችኋል። «ሰማዩስ እንዴት ነው?» ብትሉት ግን ዓይን ዓይናችሁን ያያል። አይፈረድበትም! በዚያ ሁሉ መብራት መሐል ምን ሰማይ ይታያል? ከከተማው በመኪና ወጣ ሲባል ግን አለ፤ ያውም ጢም ብሎ!

የበረሃ ጉብኝት የሚሉት የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ላንድክሩዘር ካላችሁበት መጥቶ ይወስዳችኋል። አስፋልቱ ሲያልቅ ሾፌሩ ወርዶ የአራቱንም ጎማ አየር ይቀንሳል። ጎማው ጠፍጠፍ ሲል አሸዋውን ሰፋ አድርጎ ይረግጣላ! ያለበለዚያ ሲሰምጥ ነው የሚያመሸው። ከዚያ በኋላ ያለው መውጣት፣ መውረድና መንሸራተት ነው፤ አንጀት ከጉሮሮ ይገናኛል። ምሳውን አብዝቶ የበላ ሰው ወዮለት!

ላህባብ በሚባለው በኩል ከሄዳችሁ አሸዋው ቀይ ነው። ቀለሙን የሰጠው በውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ነው፤ ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ብርሃኗ በአየር ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ሰማያዊው በየመንገዱ ተበትኖ ይቀርና ዓይናችን ዘንድ የሚደርሰው ቀዩ ይሆናል። ቀይ ብርሃን ቀይ አሸዋ ላይ ሲያርፍ እንግዲህ ካሜራ የያዘ ሁሉ ይቅበዘበዛል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች ብዙዎቹ አስጎብኚዎች እንግዳውን ወደ ድንኳን ይነዱታል። ሂናው፣ ግመሉ፣ ጥብሱ፣ ጭፈራው ይቀጥላል፤ አምፖሉም ቦግ ይላል። መብራት የሚጠፋው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፀሐይ ከገባችም በኋላ ሰማዩ ጨርሶ እስኪጨልም ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «መብራት የሌለበት ቦታ ምን ያህል እንቆያለን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለምን ይህን ያህል እንደምንወተውት እንንገራችሁ። በአንድ የመጋቢት ምሽት አብራን የሄደች እህት ነበረች። የወሎ ልጅ ናት፤ ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመቷ ነው። የአገሩ የ2022 እ.ኤ.አ. አዋጅ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት እረፍት ይሰጣል። እሷ ግን ያቺን ቀን የምትጨርሳት ገንዘብ በመላክ፣ በስልክና በእንቅልፍ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በረሃውን አይታው አታውቅም!

አስጎብኚያችን መብራቱን አጥፍቶ በስተደቡብ ከአሸዋው ጫፍ ትንሽ ከፍ ያለች ብርቱ ኮከብ አሳየን። «ሱሃይል» አለ። ፈረንጆቹ ካኖፐስ የሚሏት ናት፤ ከሲሪየስ ቀጥላ ከሌሊት ከዋክብት ሁሉ ደማቋ ነች። የባሕረ ሰላጤው ዐረቦች በጣም ይወዷታል። በኦገስት መጨረሻ ሊነጋጋ ሲል ብቅ ካለች ያ እሳት የሚተፋው ሙቀት ሊሰበር ነው ማለት ነው።

እህታችን አይታ አይታ፣ «ይቺን አውቃታለሁ። እኛ አገር ግን ወደ ላይ ናት። እዚህ ምን አወረዳት?» አለች።

ልክ ናት! ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቡጢ ብትጨብጡ አንዱ ቡጢ ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ሱሃይል ዱባይ ላይ ከፍ አለች ቢባል ከአድማሱ አንድ ቡጢና ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቡጢ ሊሞላት ምንም አይቀራት። የሰሜን ኮከብ ደግሞ ግልባጩ ነው። ዱባይ ላይ ሁለት ቡጢ ተኩል ይወጣል፤ አዲስ አበባ ላይ አንድ ቡጢ እንኳ አይሞላም፤ እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰውማ ተራራው ይጋርደዋል። ምድር ክብ ስለሆነች ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር የደቡቡ ኮከብ ይወርዳል፣ የሰሜኑ ይወጣል። የጥንት ዐረብ መርከበኞች የሰሜንን ኮከብ ከፍታ በጣት እየለኩ የት እንደደረሱ ያውቁ የነበረው ለዚህ ነው።

ይህንን ስንነግራት «እንግዲያ የወረደችው እኔ ስለራቅሁ ነዋ!» አለች። ወዲያው ስልኳን አውጥታ እናቷ ዘንድ ደወለች። «እማዬ፣ ደጅ ውጪና ወደ ደቡብ እዪ» አለቻቸው። እኚያ እናትም ወጥተው አዩ። ከበሮው ድንኳኑ ውስጥ ሲደለቅ፣ እሷ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ከእናቷ ጋር አንድ ኮከብ እያየች አመሸች። የዕለቱ ገንዘብ የወጣው ለዚያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ለመሄድ ያሰባችሁ እነዚህን ልብ በሉ። ጊዜው ከኦክቶበር እስከ ማርች ነው፤ በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን አይሞከርም። ሙሉ ጨረቃ ኮከቡን ትሸፍነዋለች፤ የእስልምናው ወር ሲያልቅ ወይም ሲጠባ ያሉትን ቀናት ምረጡ። ደረቅ አየር ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቶሎ ስለሚለቅ ጋቢ ወይም ጃኬት አትርሱ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ወገቡን የሚያመው የአሸዋውን ዝላይ ይቅርበት። በየደቂቃው ስልክ ማየትም ይቅር፤ የለመደውን ዓይን እንደገና ያሳውረዋል።

ዱባይ የማትሄዱስ? ሱሃይል ቪዛ አትጠይቅም! በመጋቢት ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መብራት ከሌለበት ቆማችሁ ወደ ደቡብ ዙሩና ሦስት ቡጢ ለኩ። ዱባይ ያለች እህት ካለቻችሁም ደውሉላት፤ በአንድ ቡጢ ከፍታ ትፈልጋት።