ሁለት ዳኞች

የሰው ሥራ ሁለት ዳኞች አሉት፤ አንዱ ዕለት ነው፥ ሁለተኛው ዘመን ነው። ዕለት ፈጥኖ ይፈርዳል፤ ዘመን ግን ዘግይቶ ይመረምራል። የሲኒማው ተዋናይ የቻርልስ ላውተን ታሪክ የሁለቱን ፍርድ ልዩነት ያስረዳል።

ላውተን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ በስካርቦሮ ከተማ፥ ከሆቴል ባለቤቶች ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ በመርዝ ጢስ ተጎዳ። ከዚያም የትያትርን ጥበብ ተምሮ ወደ ሲኒማ ገባ። ሰውነቱ ወፍራም፥ ፊቱም ውበት የጐደለው ነበር፤ ሆኖም በ1933 በወጣው ፊልም ንጉሥ ሄንሪ 8ኛን መስሎ ስለ ተጫወተ የኦስካርን ሽልማት ተቀበለ። በ1939ም የኖትር ዳምን ጐባጣ ደወል ደዋይ ሆኖ ታየ። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ለቆሰሉ ወታደሮች መጻሕፍት ያነብላቸው ነበር፤ በኋላም ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ መጽሐፍ ቅዱስን በጉባኤ ፊት አነበበ።

ቃልን እንዲህ ያጠና ሰው በ1955 አዘጋጅ ሆኖ «የአዳኙ ሌሊት» የተባለውን ፊልም አወጣ። ነገሩ ስለ ሐሰተኛ ሰባኪ ነው። በቀኝ እጁ ጣቶች ላይ «ፍቅር»፥ በግራው ላይ «ጥላቻ» የሚል ተነቅሶ፥ የተሰወረ ገንዘብ ፍለጋ አንዲቱን መበለት አግብቶ ይገድላል፤ ሁለት ልጆችዋንም ያሳድዳል። ልጆቹ በጀልባ ሸሽተው አንዲት ደግ ባልቴት ትቀበላቸዋለች። በሌሊት ገዳዩ ከደጅ ሆኖ መዝሙር ይዘምራል፤ ባልቴቲቱም ጠመንጃዋን እንደ ያዘች ያንኑ መዝሙር ትቀበለዋለች፤ ነገር ግን እርሱ ያልጠራውን የኢየሱስን ስም ትጨምርበታለች። ዜማው አንድ ሲሆን ልቡ ሁለት ነው። ዕድሜውን ሌላውን ሰው በመምሰል የፈጸመ ተዋናይ፥ መምሰል የት ላይ እንደሚያልቅ በዚህ አሳየ።

ዕለት ግን ፈረደበት። ፊልሙ ገበያ አጣ፤ ከተቺዎችም ያቃለሉት ነበሩ። ላውተን ወደ ተዋናይነቱ ተመልሶ በ1962 እስኪሞት ድረስ ሌላ ፊልም አላዘጋጀም። ከሞተ 30 ዓመት በኋላ፥ በ1992፥ የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ያንን ፊልም ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቈዩ ከመረጣቸው ጋራ ቈጠረው።

እንግዲህ ዘመን ለሥራው ፈረደለት፤ ለሠሪው ግን አልደረሰለትም። ሁለተኛውን ፊልም ማንም ሊያየው አይችልም፤ አልተሠራምና። የባልንጀራውን ሥራ ለመንቀፍ የሚቸኩል ሁሉ፥ የሚዘጋው ያየውን ደጅ ብቻ ሳይሆን ገና ያልተከፈተውንም ጭምር መሆኑን ያስብ።